ማይክ ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁን ስሙት

«ጥሩና ርካሽ ማይክ የቱ ነው?» ሲባል አብዛኛው ሰው ወዲያው የዕቃ ስም ይጠራል። ጥያቄው ግን ገና ግማሽ ነው። ማይኩ የሚቆመው የት ነው? ከፊቱ ምን ይዘፈናል? ከኋላው ምን ይጮኻል? እነዚህ ሳይታወቁ የ50 ዶላሩም የ500 ዶላሩም ማይክ ያው ሎተሪ ነው።

በተለይ አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። ቤቱ ውስጥ ዘፈን ወይም መዝሙር መቅዳት የጀመረ ልጅ መጀመሪያ የሚገዛው በአንድ ካርቶን ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ሙሉ ዕቃ ነው። ወፍራም ማይክ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ክንድ፣ ክብ የጨርቅ መከላከያ፣ ስፖንጅ። ፎቶ ላይ ስቱዲዮ ይመስላል። ሲቀዳ ግን ከልጁ ድምፅ ጋር የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ የባጃጅ ሞተር፣ ግድግዳው የሚመልሰው ጉርምርምታ ሁሉ አብሮ ይገባል። ልጁ ጥፋቱን ማይኩ ላይ ያደርግና ለውድ ማይክ ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል። ውዱ ማይክ ባጃጁን ይበልጥ አጥርቶ ይቀዳለታል።

ማይክ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፤ ዳይናሚክና ኮንደንሰር። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ኪሱ የማይፈቅድለት፣ መድረክ ላይም ቤትም መሥራት የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ማይኩ ዳይናሚክ ይሁን። የተረፈውን ገንዘብ ኬብል፣ ሳውንድ ካርድ (ማይኩን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኘው ዕቃ) እና ሄድፎን ላይ ያውለው። ኮንደንሰር ከዚያ በኋላ ይደረስበታል። ከዚህ ውጭ የሆኑ ጉዳዮች አሉ፤ በተለይ የእኛ የባህል መሣሪያዎች ላይ። እነሱን ወደኋላ እንመጣባቸዋለን።

ሁለቱ እንዴት ነው የሚሠሩት?

የማይክ ሁሉ ሥራ አንድ ነው፤ የአየርን መርገብገብ ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ። መንገዱ ነው የሚለያየው።

ዳይናሚክ ማይክ ውስጥ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን አለ። ከሽፋኑ ጀርባ ፀጉር የሚያክል ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞ ተለጥፏል፤ ጥምጥሙ የተቀመጠው ማግኔት ውስጥ ነው። ድምፅ ሽፋኑን ሲገፋው ሽቦው በማግኔቱ መሀል ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። በቃ። ባትሪ አይፈልግም፤ ሌላ ኃይልም አይፈልግም። ቢወድቅ፣ ምራቅ ቢገባበት፣ ላብ ቢነካው ብዙም አይበገርም። ሽፋኑ ሽቦውን ስለሚሸከም ግን ይከብዳል። ጥቃቅንና ቀጫጭን ድምፆችን፣ የእስትንፋስን፣ የጭራ ጫፍ ፍትጊያን በደንብ አያወጣም። የሚያመነጨውም ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው።

ኮንደንሰር ላይ ሽቦ የለም። እጅግ ስስ የሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ወርቅ የተቀባ ሽፋን ከአንድ የብረት ሳህን ፊት ለፊት ተጠግቶ ይቀመጣል። በሁለቱ መካከል የኤሌክትሪክ ሙሌት አለ። ሽፋኑ ሲንቀሳቀስ ርቀቱ ይለዋወጣል፤ ያ ለውጥ ነው ድምፁን የሚሸከመው። ሽፋኑ ቀላል ስለሆነ ትንሹንም ነገር ይከተላል። በምላሹ ኃይል ይፈልጋል፤ ያንን ኃይል ነው ፋንተም ፓወር የሚሉት። 48 ቮልት ነው፤ ከሚክሰሩ (ድምፆችን ከሚያቀላቅለው ዕቃ) ወይም ከሳውንድ ካርዱ ተነስቶ ድምፁ በሚመጣበት በዚያው ኬብል ወደ ማይኩ ይሄዳል።

ለምን 48? ታሪኩ ደስ ይላል። በ1966 (እ.ኤ.አ.) የጀርመኑ ማይክ አምራች ኖይማን አዲስ ማይክ ይዞ ወደ ኖርዌይ ብሔራዊ ሬዲዮ ይሄዳል። በኖርዌይ ክረምቱ ጨለማ ስለሆነ ስቱዲዮዎቹ ውስጥ ለአደጋ ጊዜ መብራት የሚሆን 48 ቮልት ቀድሞም ተዘርግቶ ነበር። ያለውን እንጠቀም ተባለ። ዛሬ ሚክሰራችሁ ላይ የምታዩት የ48 ቮልት ቁልፍ የኖርዌይ አምፖል ውርስ ነው ማለት ነው።

አንድ የሚያሳስብ ጥያቄ አለ፤ «ቁልፉ በርቶ ዳይናሚክ ብሰካ ይቃጠላል?» በትክክለኛ የኤክስ ኤል አር ኬብል (ሦስት እግር ባለው የማይክ ኬብል) የተገናኘ ጤነኛ ዳይናሚክ ምንም አይሆንም። ብቻ ስትሰኩና ስትነቅሉ ድምፁን ዝቅ አድርጉ፤ ያ «ጧ!» የሚለው ድምፅ ስፒከር ይጎዳል።

ርቀት ነው ዋናው

ብዙ ሰው «ዳይናሚክ የሩቁን አይሰማም፣ ኮንደንሰር ሁሉንም ይሰማል» ይላል። ግማሽ እውነት ነው። ሁለቱንም ከአፋችሁ እኩል አርቃችሁ ብታስቀምጡና ድምፃቸውን ብታስተካክሉ፣ የክፍሉን ጫጫታ የሚይዙበት መጠን ሰው እንደሚያስበው አይራራቅም። ልዩነቱ የሚመጣው ከአጠቃቀም ነው። ዳይናሚክ አፍ ሥር ሊገባ ይችላል። ኮንደንሰር ላይ እንደዚያ ብትጠጉ «ፐ» እና «ጰ» ባላችሁ ቁጥር ይፈነዳል፤ ስለዚህ ራቅ ትላላችሁ። ስትርቁ ክፍሉ ይገባል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከማይኩ ያላችሁ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፃችሁ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይቀንሳል። ከ5 ሴንቲ ሜትር ወደ 10፣ ከ10 ወደ 20፣ ከ20 ወደ 40 ብትሸሹ 18 ዴሲቤል አጣችሁ። የጎረቤት ቴሌቪዥን ግን ባለበት ነው። ድምፃችሁን ለመመለስ ጌይኑን፣ ማለትም የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ፣ 18 ስትጨምሩ ቴሌቪዥኑም 18 ይጨምራል። ይህን ችግር ማይክ በመቀየር አታመልጡትም።

መጠጋት የራሱ ጠባይ አለው። እንደ ዘፋኝ ማይክ ያሉት በአንድ አቅጣጫ የሚሰሙ ማይኮች አፍ ሲቀርባቸው ወፍራሙን ድምፅ ያገዝፉታል። የሬዲዮ ጋዜጠኛ ያ ሞቅ ያለ ድምፁ ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል? ግማሹ ከጉሮሮው ነው፣ ግማሹ ከመጠጋቱ። ድምፁ ቀጭን የሆነ ሰው በዚህ ይጠቀማል። ወፍራም ድምፅ ያለው ደግሞ ሲበዛበት ይታፈናል፤ ሁለት ጣት ያህል ሸሸት ማለት ይበቃዋል።

መድረክ ላይ

መድረክ ላይ ጠላቱ ፊድባክ ነው። ከማይኩ የገባው ድምፅ በስፒከር ይወጣል፤ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል፤ እንደገና ይወጣል። በሰከንድ ክፍልፋይ ያ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይመጣል፤ ሁሉም ዞሮ ሳውንድ ማኑን ያየዋል። ምስኪኑ ሳውንድ ማን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ አይደለም። ጥፋቱ ማይኩን ከደረቱ ሥር የያዘው ዘፋኝ ነው፣ ወይም ሞኒተሩን (ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበትን ስፒከር) ያለቦታው ያስቀመጠው ሰው።

የዘፋኝ ማይክ ድምፅ ከፊት ይቀበላል፤ ከሌላው አቅጣጫ የሚመጣውን ይቀንሳል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። ካርዲዮይድ የሚባለው በጣም የሚደነቁረው በቀጥታ ከጀርባው በኩል ነው። ስለዚህ ሞኒተሩ ከዘፋኙ ፊት ለፊት፣ ከማይኩ ጅራት አንጻር ይቀመጣል። ሱፐር ካርዲዮይድ ከፊት ጠበብ ይላል፤ ከጀርባው ግን ትንሽ ይሰማል። እሱ የሚደነቁረው ከፊቱ 126 ዲግሪ ገደማ ዞር ብሎ፣ ማለትም ከጀርባው ግራና ቀኝ ነው። ሞኒተሮቹም እዚያው ወደ ጎን ፈንጠር ብለው መቀመጥ አለባቸው። ማይክ ለውጦ ሞኒተሩን ባለበት የሚተው ባንድ «አዲሱ ማይክ ይጮኻል» ብሎ ያማርራል።

የማይኩን ራስ በመዳፍ መጨበጥ ሌላው ችግር ነው። ራፐሮች ያምርባቸዋል፤ የሰርግ ዘፋኞችም ይወዱታል። ከጀርባ የሚመጣውን ድምፅ እንዲቀንስ የሚያደርጉት ወንፊቱ ሥር ያሉት ክፍተቶች ናቸው። እነሱ ሲደፈኑ ማይኩ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል። ድምፁ እንደ ቱቦ ውስጥ ይሆናል፤ ፊድባኩም ይመጣል። እጀታውን ብቻ ያዙ።

ወደ ዕቃዎቹ እንምጣ። ሹር ኤስኤም58 በ1966 (እ.ኤ.አ.) ወጣ፤ እስከ ዛሬ በዓለም መድረኮች ላይ ዋናው የዘፋኝ ማይክ ነው። አሜሪካ ውስጥ አዲሱ 100 ዶላር አካባቢ ነው። ከወፍራሙ 50 ኸርዝ እስከ ቀጭኑ 15,000 ኸርዝ ይሰማል። ቁጥሩን ከኮንደንሰር ጋር ካነጻጸራችሁ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ለሰው ድምፅ በቂ ነው። ከፍ ባለው መካከለኛ ክልል ላይ ሆን ተብሎ ጎላ ተደርጓል፤ ቃላቱ ከባንዱ መሀል ነጥረው የሚወጡት ለዚህ ነው። በአንድ ዓመት የሚቀድመው ወንድሙ ኤስኤም57 ውስጡ ተቀራራቢ ነው፤ ለጊታር አምፕሊፋየር፣ ለከበሮ፣ ለመሣሪያ ይመረጣል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ከሊንደን ጆንሰን ጀምሮ ንግግር የሚያደርጉበት ማይክ ይኸው ነው፤ የንፋስ መከላከያ ለብሶ።

በዚያው ዋጋ ዜንሃይዘር ኢ835 አለ። ከኤስኤም58 ትንሽ ጠራ ይላል፤ ለሴት ድምፅ እሱን የሚመርጡ ብዙ ናቸው። ባንዱ በጣም የሚጮኽ ከሆነ ጠበብ አድርጎ የሚሰማው ኦዲክስ ኦኤም2 ጥሩ ነው። በጣም ርካሹን ለሚፈልግ ደግሞ ቤሪንገር ኤክስኤም8500 አለ። ዋጋው ከ20 እስከ 30 ዶላር ነው፤ ለዚያ ገንዘብ የሚያሳፍር ድምፅ የለውም። ስድስት ሰባት ማይክ በአንዴ የሚያስፈልገው የመዘምራን ቡድን አንድ ስመ ጥር ማይክ ገዝቶ ለስድስት ከሚሻማ ሁሉም ሰው እጅ ላይ አንድ አንድ ኤክስኤም8500 ቢኖር ይሻላል።

የሚያበራና የሚያጠፋ ቁልፍ ያለው ማይክ አትግዙ ብል ደስ ይለኛል። መድረክ ላይ ዘፋኝ ሳያውቅ ያጠፋዋል፤ ሳውንድ ማኑ ከሩቅ ሆኖ ኬብል ሲፈትሽ ዘፈኑ ያልቃል።

የከንፈር ነገር

በእኛ አገር በደንብ መነገር ያለበት ጉዳይ አለ። ጊታር ይዞ የሚዘፍን ሰው ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ ይነዝረዋል። ብዙዎች እንደ ቀልድ ያልፉታል። የማይኩ ወንፊት በኬብሉ አድርጎ ከሚክሰሩ አካል ጋር ይገናኛል። የጊታሩ ክር ደግሞ ከአምፕሊፋየሩ አካል ጋር። ሁለቱ ከተለያየ ሶኬት ሲነሱና አንዱ ኧርዝ (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስድ መስመር) ሳይኖረው ሲቀር፣ ኤሌክትሪኩ መንገድ የሚያገኘው በዘፋኙ አካል ነው። ማይኩ ላይ ስፖንጅ ማልበስ መድኃኒት አይደለም። ነዘረኝ ካላችሁ ቁሙ። ሁሉንም ዕቃ ኧርዙ ከተረጋገጠ አንድ መስመር አንሱ፤ ካልሆነ ኤሌክትሪሻን ይጠራ። በዚህ ምክንያት በዓለም ላይ የሞቱ ሙዚቀኞች አሉ።

ኦርጅናል ነው ኮፒ?

ኤስኤም58 በዓለም ላይ በብዛት ከሚገለበጡ ማይኮች አንዱ ነው። ካርቶኑ፣ ቦርሳው፣ ጽሑፉ ሁሉ ይመስላል። ዋጋው በጣም ከወረደ ግን ተጠራጠሩ፤ ማንም ነጋዴ 100 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ለጽድቅ በ30 አይሸጥም።

በእጅ መፈተሽም ይቻላል። የኦርጅናሉ ክብደት 298 ግራም ነው። ብዙ ኮፒ ቀለል ይላል፤ የወርቅ ቤት ወይም የኩሽና ሚዛን ወዲያው ይለየዋል። ቀጥሎ የወንፊቱን ራስ በእጃችሁ አዙራችሁ ፍቱት። ካፕሱሉ፣ ማለትም ድምፁን የሚቀበለው ክፍል፣ ይታያል። በጣታችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን ግፉት። የኦርጅናሉ ላስቲክ ላይ ስለተቀመጠ ይተጣጠፋል፤ ለቀቅ ስታደርጉት ይመለሳል። ይህ ላስቲክ ነው እጅ በማይኩ ላይ ሲንቀሳቀስ የሚሰማውን ኳኳታ የሚውጠው። ደረቅ ብሎ የተጣበቀ ከሆነ ያጠራጥራል። በመጨረሻ ከታወቀ ኦርጅናል ጋር በአንድ ሚክሰር፣ በአንድ ጌይን አወዳድሩት። ኮፒው ብዙ ጊዜ ወይ ይታፈናል ወይ ይሾላል፤ ፊድባክም ቶሎ ያነሳል።

ገንዘብ ከሌለ ኮፒ ኤስኤም58 ከመግዛት በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ ማይክ መግዛት ይሻላል። ኤክስኤም8500 ቢያንስ ማንነቱን አይክድም።

ቤት ውስጥ

መጀመሪያ ላፕቶፑን ዝጉና ክፍሉ መሀል ቁሙ። ለአንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ስሙ። ፍሪጅ አለ? የቆርቆሮ ጣሪያ ነው? ዝናብ ሲመጣ መቅዳት አይታሰብም። መንገድ ዳር ነው? ከዚያ አንዴ አጨብጭቡ። ጭብጨባው «ጭርር» ብሎ ከተመለሰ ባዶ ግድግዳው ድምፃችሁንም እንደዚያው ያደርገዋል።

የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ የተለመደ ነው። እውነቱን ለመናገር ጥቅሙ እዚህ ግባ አይባልም። ወረቀቱ ስስ ነው፤ ከውጭ የሚመጣን ድምፅ አያቆምም፣ ውስጥ ያለውንም በደንብ አይውጥም። ወፍራም ጨርቅ ይሻላል። ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ፣ ልብስ የሞላ ቁም ሣጥን። ቦታው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ብርድ ልብሱን ከማይኩ ጀርባ ይሰቅለዋል። ማይኩ የሚያየው ግን እናንተንና ከእናንተ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነው። መጀመሪያ የሚሰቀለው ከዘፋኙ ጀርባ ነው። ከተረፈ ወደ ጎን፣ ከዚያም ከማይኩ ኋላ።

ክፍሉ እንዲህ ተዘጋጅቶም መንገድ ዳር ከሆነ በዳይናሚክ ቅዱ። የመድረክ ማይካችሁ ራሱ ይበቃል። ከአፋችሁ አራት ጣት ያህል፣ ትንሽ ወደ ጎን ዞር አድርጉት፤ ትንፋሹ በቀጥታ አያገኘውም። ዳይናሚክ ደካማ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ሳውንድ ካርዱ፣ ኦዲዮ ኢንተርፌስ የሚሉትም ያው እሱ ነው፣ በቂ ጌይን ሊኖረው ይገባል። ከፍ አድርጎ ለሚዘፍን ሰው ርካሹም ያገለግላል። በለሆሳስ ለሚተርክ ሰው ግን 60 ዴሲቤል ገደማ ሊያስፈልግ ይችላል። ለምሳሌ የፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ሦስተኛው ትውልድ 56 ዴሲቤል ይሰጣል፤ አራተኛው 69። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የትኛው ትውልድ እንደሆነ ጠይቁ። ዩቲዩብ ላይ የሚታየውን ሹር ኤስኤም7ቢ የምትመኙ ካላችሁም ይኸው ነገር ይመለከታችኋል፤ እሱ ከኤስኤም58ም የባሰ ጌይን ይበላል። በትንሽ ገንዘብ ለሚጀምር ሰው አልመክረውም።

ሳውንድ ካርድ የሚገዛበት ከሌለ ሁለት ዓይነት መሰኪያ ያለው ዳይናሚክ አለ። ሳምሰን ኪው2ዩ እና ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲአር2100ኤክስ በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ ይሰካሉ፤ በኤክስ ኤል አር ደግሞ መድረክ ላይ ሚክሰር ውስጥ ይገባሉ። ዋጋቸው ከአንድ ኤስኤም58 ብዙ አይርቅም፤ ሳውንድ ካርድ ግን አትገዙም። አንድ ዕቃ ብቻ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ ይህን ጠይቁት። በዩኤስቢ ሁለት ማይክ በአንድ ጊዜ መቅዳት አስቸጋሪ መሆኑን ግን እወቁ።

ክፍላችሁ እውነትም ጸጥ ያለ ከሆነ ኮንደንሰር ሌላ ዓለም ይከፍታል። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 በ100 ዶላር አካባቢ የሚገኝ ጥሩ መነሻ ነው። ከፍ ካለ ሮድ ኤንቲ1 አለ፤ በጸጥታው የታወቀ ነው። ማይኩ ራሱ የሚያሰማው ሹክሹክታ 4 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ የኤቲ2020 ግን 20 ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን በሌሊት ጸጥ ያለ የሚባል መኖሪያ ክፍል ራሱ 30 ዴሲቤል አካባቢ ጫጫታ አለው። ክፍላችሁ ከማይኩ በላይ የሚጮኽ ከሆነ ለ4 ዴሲቤል የምትከፍሉት ተጨማሪ ገንዘብ ውጤቱ አይሰማም። የበገና ደርዳሪ በተደፈነ ክፍል ውስጥ ከሆነ ግን ይሰማል።

ያ በካርቶን የሚሸጠው ቢኤም800 እና መሰሎቹስ? መጣል አያስፈልግም። ብዙዎቹ ግን አብሯቸው የሚመጣው ኬብል አንድ ጫፉ ትንሿ የስልክ ጃክ ናት። በእሷ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ ማይኩ በቂ ኃይል አያገኝም፤ ድምፁ ደካማና ሽሽ የሚል ይሆናል። በትክክለኛ ኤክስ ኤል አር ኬብል 48 ቮልት ካለው ሳውንድ ካርድ ጋር ሲገናኝ በግልጽ ይሻሻላል። ካላችሁ፣ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ስትቀዱ ጌይኑን በዘፈኑ መጀመሪያ አታስተካክሉ። ከፍ ብላችሁ የምትጮኹበትን ቦታ ዘፍኑ፤ ጫፉ ከዜሮ በታች 10 ወይም 12 ዴሲቤል ላይ ይቁም። በ24 ቢት ከቀዳችሁ ዝቅ ማለቱ አይጎዳም፤ ቀይ መንካቱ ግን አይታከምም። «ሁምም» የሚል ድምፅ ካለ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ቅዱ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ይጠፋል።

ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት

የውጭ መመሪያዎች ስለ አኮስቲክ ጊታር ይጽፋሉ። የእኛ መሣሪያዎች ጠባያቸው ሌላ ነው።

ማሲንቆ ድምፁ ዝቅ ያለ መሣሪያ ነው። ድምፁ የሚወጣው ከሳጥኑ ቆዳ ነው፤ የጭራው ፍትጊያ ደግሞ ከደጋኑ። ማይኩን ደጋኑ ክሩን የሚነካበት ቦታ ላይ ካነጣጠራችሁት ፍትጊያው ይበዛል። ወደ ቆዳው ፊት፣ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አርቃችሁ አስቀምጡትና ከዚያ በጆሯችሁ እየሰማችሁ ወደ ላይ ወደ ታች በጣት ያህል አንቀሳቅሱት። አዝማሪው እየዘፈነ የሚጫወት ከሆነ ችግሩ ድምፁ የማሲንቆው ማይክ ውስጥ መግባቱ ነው። ማይኩን ከታች ወደ ላይ ካቀናችሁት ቀጥታ አፉን ያያል። ከላይ በኩል ወደ ሳጥኑ ቁልቁል አቅኑት፤ ያኔ የማይኩ ጀርባ ወደ አፉ ይሆናል፤ ማይኩም በጀርባው አይሰማም። መድረክ ላይ በኤስኤም57 ይሄ ይበቃል። ቤት ውስጥ ግን ማሲንቆ ኮንደንሰር ይወዳል።

ክራር በጣት ሲነካ ያ የጥፍር «ጭቅ» የሚያምር ነገር ነው፤ ዳይናሚክ ያደበዝዘዋል። ትልልቅ መድረክ ላይ በፒክአፕ (መሣሪያው ላይ ተገጥሞ የክሩን ንዝረት የሚቀበል ዕቃ) የሚሠራው የኤሌክትሪክ ክራር ስለሚያገለግል ማይክ ላያስፈልግ ይችላል።

በገና ላይ አልደራደርም፤ ኮንደንሰር ነው። በክሩና በድልድዩ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ የምትፈጥረው ንዝረት ከሌለ በገናው በገና አይደለም። ያ ንዝረት ከወፍራሙ ድምፅ በላይ የሚንሳፈፍ ቀጭን ነገር ነው። ጸጥ ያለ ክፍል ፈልጉ፤ ሌሊትም ቢሆን ጠብቁ።

ዋሽንት ላይ ማይኩ ከአፍ ፊት ከቆመ የሚቀዳው ትንፋሽ ነው። ወደ ጣት ቀዳዳዎቹ አካባቢ፣ ከላይ ወይም ከጎን አድርጉት። ከበሮ በማንኛውም ደህና ዳይናሚክ ይቀዳል።

ኬብልና ዋየርለስ

ሰው ማይክ ላይ ይጨነቅና ኬብሉን በርካሽ ያልፈዋል። መድረክ ላይ ግን ከማይክ በላይ የሚበላሸው ኬብል ነው። ሦስት እግር ያለው ኤክስ ኤል አር ድምፁን በሁለት ሽቦ፣ አንዱን ገልብጦ ይልካል። መንገድ ላይ የገባ ጫጫታ በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚሆን መድረሻው ላይ ይጠፋል። ወፍራም ጃክ ብቻ ያለው የካራኦኬ ማይክ ይህ የለውም፤ ኬብሉ ሲረዝም ይጮኻል፣ አንዳንዴ ሬዲዮም ይይዛል።

በዚህ በጀት ዋየርለስ አልመክርም። በርካሽ ዋጋ የሚሸጥ ጥንድ ዋየርለስ አብዛኛው ገንዘቡ የሄደው ማሠራጫው ላይ ነው፤ ለካፕሱሉ የተረፈው ጥቂት ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ያገለገለ ዋየርለስ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለባንድ ስትገዙ ፍሪኩዌንሲውን እዩ። ከሐምሌ 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ617 እስከ 652 እና ከ663 እስከ 698 ሜጋኸርዝ ያሉትን መጠቀም እዚያ በሕግ ተከልክሏል፤ መስመሩ ለሞባይል ኩባንያዎች ተሰጥቷል። ባለቤቱ በርካሽ የሚሸጥላችሁ ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ሱቅ ስትሄዱ

የራሳችሁን የታመነ ኬብል ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩን ሚክሰርና ስፒከር ላይ እንዲሰካላችሁ ጠይቁ፤ «አይቻልም» ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ማይኩን ጆሯችሁ አጠገብ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት፤ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ መልሱ። ከዚያ «ቼክ ቼክ» ብቻ ብላችሁ አትተዉት፤ የምትዘፍኑትን ዘፍኑ። በዝግታም በጩኸትም። አንድ ጊዜ ከፊቱ፣ አንድ ጊዜ ማይኩን አዙራችሁ በጀርባው በኩል ተናገሩ፤ ካርዲዮይድ ነው ተብሎ ከጀርባውም እኩል የሚሰማ ከሆነ የተባለውን አይደለም። በመጨረሻ እየተናገራችሁ ኬብሉን መሰኪያው ሥር ወዲያ ወዲህ አድርጉት። ድምፁ ቆረጥ ቆረጥ ካለ፣ ኬብሉም የራሳችሁ ደህና ኬብል ከሆነ፣ የማይኩ መሰኪያ ልል ነው። ሌላ አውጣ በሉት።